የጎመን ምንቸት ለምን ይውጣ?

ክረምቱ ጓዙን እየሸከፈ ነው። ጳጉሜን ብቅ ስትል ደግሞ የከተማው ወሬ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ዶሮ ስንት ገባ? ቅቤስ? ሽንኩርትስ እንዴት ነው? መልሱም ያው የአምናው ነው፤ «ተወኝ እባክህ፣ አታስታውሰኝ!» በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ማንም ዋጋውን የማይጠይቀው፣ በዓል በመጣ ቁጥር «አንተ ደግሞ ዞር በል» የሚባል አንድ ምስኪን አለ። ጎመን ይባላል። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እሱ ነው።

ክረምቱ አልቆ አዲስ ዓመት ሲገባ አያቶቻችን «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይሉ ነበር። አባባሉ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ የገበሬው ጎተራ የሚሟጠጥበት፣ አዲሱ እህል ደግሞ ገና ማሳ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። በዚያ በጭንቅ ወቅት ዝናቡን ጠጥቶ ጓሮ ውስጥ የሚንዠረገገው ጎመን ነበር የብዙውን ቤት ነፍስ ይዞ የሚያሻግረው። ጠዋት ጎመን፣ ማታ ጎመን። እንዲህ የከረመ ሰው መስከረም ሲጠባና እሸቱ ሲደርስ ምንቸቱን «ውጣልኝ» ቢለው አይፈረድበትም። የሚያባርረው ጎመኑን ሳይሆን ረሃቡን ነውና።

የእኛ የከተሜዎቹ ነገር ግን ሌላ ነው። ጎመኑን ከበዓል ገበታ የምናባርረው ይሉኝታ ይዞን ነው። «እንዴት እንግዳ ጠርቼ ጎመን አቀርባለሁ?» እንላለን። ጎመን የጾም ምግብ ነው፣ ጎመን የድሃ ምግብ ነው፣ ጎመን የሰኞና የማክሰኞ ምግብ ነው። በበዓል ቀን ትሪው ላይ የሚታየው ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ጥሬ ሥጋ... ከዳር እስከ ዳር ቀይ። አረንጓዴ ነገር ከታየም ለጌጥ የተቀመጠች ሁለት ቅጠል ሰላጣ ናት፤ እሷንም የሚነካት የለም። ከዚያ በማግስቱ ምን ይሆናል? ግማሹ ሆዱን ይዞ ይተኛል፣ ግማሹ የጨጓራ መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ይሰለፋል።

እኔ የምለው አጭር ነው። በበዓል ገበታ ላይ፣ ከዶሮው ጎን፣ አንድ ሳህን ጥሩ ሆኖ የተሠራ ጎመን ይቅረብ። ዶሮውን አስቀሩ አላልኩም፤ በስንት መከራ የተገዛ ዶሮ! ጎመኑ ይጨመር ነው ያልኩት። ሥራው ከ20 ደቂቃ አይበልጥም፣ ወጪው ከሌላው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥቅሙ ግን ከሆድ ጤንነት አልፎ ሰውን ከሰው ጋር እስከ ማስታረቅ ይደርሳል። ይህን የምለው በምክንያት ነው።

ታላቅ እህቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ድሮ የቤተሰቡን ዶሮ የምትሠራው እሷ ነበረች፤ 12ቱን ብልት ዓይኗን ጨፍና ታወጣዋለች። ከታመመች በኋላ ግን ዓመት በዓል ለእሷ ፈተና ሆነ። ገበታው ዙሪያ ስትቀመጥ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። «ኧረ ብዪ እንጂ! ዓመት በዓል እኮ ነው!» ይላታል አንዱ። «ለዛሬ ብቻ ምን ይሆናል? በሞቴ!» ይልና ሌላው ቅቤ የሚንጠባጠብበት ጉርሻ ይዞ ይመጣል። እምቢ ስትል ኩርፊያ፣ እሺ ስትል ሌሊቱን ሙሉ ሕመም። በመጨረሻ እህቴ የራሷን መላ ዘየደች። በዓል ሲደርስ «ትንሽ አሞኛል፣ እናንተ ተጫወቱ» እያለች ቤቷ መቅረት ጀመረች። ሁለት በዓል እንዲህ አለፈ። እናቴ ሁለቱንም በዓል ስታለቅስ ዋለች።

በሦስተኛው፣ ፋሲካ ላይ መሆኑ ነው፣ እናቴ ለማንም ሳትናገር ትሪው መሀል፣ ልክ ከዶሮው አጠገብ ጎመን ደፋችበት። 55 ቀን ጎመን ስንበላ ለከረምነው ሰዎች መቼም ቀልድ ነው የመሰለን። «ኧረ እማዬ፣ ጾሙ እኮ ተፈታ!» አላት ታናሽ ወንድሜ። እሷም «ለእኔ አምሮኝ ነው» ብላ ዝም አሰኘችው። እህቴ ከበኩሏ ከጎመኑ በርከት አድርጋ ቆረሰች፣ ከአይቡ ጨመረች፣ ከዶሮውም መረቁን ትታ አንድ ብልት አነሣች። ስትበላ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እጇም ከሁላችን እጅ ጋር ትሪው ላይ ይመላለሳል። ያን ቀን ማንም «ለምን አትበዪም?» አላላትም። ደግሞ የሚገርመው፣ ከትሪው ላይ መጀመሪያ ያለቀው ጎመኑ ነበር።

የስኳር ሕሙማንን የሚያማክሩ ባለሙያዎች ከሳህኑ ግማሹ ስታርች በሌለው አትክልት ይሞላ፣ ሩቡ የእህል ዘር፣ ሩቡ ደግሞ ሥጋ ወይም ሌላ ገንቢ ምግብ ይሁን ይላሉ። የእኛ ትሪ ለዚህ ሒሳብ አይመችም፤ የጋራ ነው። ጎመኑ ትሪው ላይ ካለ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሒሳብ በእጁ መሥራት ይችላል። ከሌለ ምርጫ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመገብ ሲል «ከዓመት በዓል በስተቀር» አላለም።

አሁን ደግሞ «የድሃ ምግብ» ወደሚለው ልመለስ። የሐበሻ ጎመን የምንለው ተክል በሳይንሱ ስም ብራሲካ ካሪናታ ይባላል፤ ፈረንጆቹ «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» ይሉታል። በ1935 እ.ኤ.አ. ናጋሃሩ ዩ የተባለው ተመራማሪ የእነዚህን ተክሎች ዝምድና ሲያጠና፣ ይኼ ጎመን ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን የተዳቀለ መሆኑን አሳየ። ማለትም የሰናፍጩን ቆንጠጥ የሚያደርግ ጣዕም ከእናቱ ይሁን ከአባቱ፣ በዘሩ ወርሶታል። ዘሩን ደግሞ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ምጣድ የሚታሰሰው በጎመን ዘር አይደል?

የዚህ ዘር ዘይት ሰማይ ላይ ወጥቷል ብላችሁ ታምናላችሁ? በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ከካሪናታ ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ፣ ምንም የተለመደው ነዳጅ ሳይቀላቀልበት በረረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውስትራሊያው ኳንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን ባደረገው በረራ የዚሁ ተክል ነዳጅ ከመደበኛው ጋር ተቀላቅሎ ውቅያኖስ ተሻገረ። እንግዲህ አውሮፕላን ያበረረ ጎመን ለእኛ እንግዳ «አይመጥንም» እየተባለ ነው የሚገፋው!

ለነገሩ ጎመንን ከበዓል ያላባረሩ ወገኖች እዚሁ አሉን። ጉራጌ መስቀልን ሲያከብር ክትፎው ከጎመንና ከአይብ ተነጥሎ አይቀርብም። ከዕርዱም በፊት የጎመን ክትፎ የሚበላበት ምሽት አለ። ጎመኑ እንደ ሥጋው ደቅቆ ይከተፋል፣ በተነጠረ ቅቤ ይለወሳል፣ በቆጮ ይበላል። እዚያ ቤት ጎመን ማለት የክብር ምግብ ነው። ክትፎ ቤቶቻችንም ከሥጋው ጎን ጎመንና አይብ የሚያስቀምጡት ይህንኑ ወግ ይዘው ነው። በልተን ስንወጣ «ጎመኑ ግሩም ነበር» እንላለን፤ ቤታችን ስንገባ እንረሳዋለን።

ባሕር ማዶም ብንሻገር ነገሩ ያው ነው። በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል፣ በተለይ ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ፣ የአዲስ ዓመት ዕለት ኮላርድ የተባለውን ሰፊ ቅጠል ጎመን መብላት የቆየ ልማድ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴውን የወረቀት ብር ስለሚመስል ዓመቱ ገንዘብ ይዞ ይገባል ይባላል። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችንም የሐበሻ ጎመን ሲያጡ የሚሠሩት በዚሁ በኮላርድ ነው። እንግዲህ አስቡት። እነሱ አዲሱን ዓመት በጎመን ይቀበላሉ፣ እኛ ጎመኑን አስወጥተን አዲሱን ዓመት እናስገባለን።

በሉ ወሬው ይብቃ፣ ወደ ማጀት እንግባ።

መጀመሪያ ግዢው። እኔ ጎመን የምገዛው ሰፈራችን ካለው ጉሊት ነው። እዚያ የሚቸረችሩ አንድ እናት አሉ፤ ስለ ጎመን ከእሳቸው የተማርኩትን ከየትም አልተማርኩም። አንድ ቀን ትልልቁን ቅጠል እያነሣሁ ሳገላብጥ አይተውኝ፣

«ልጄ፣ ያንን ተወው» አሉኝ።

«ምነው እማማ? ይኼ አይሻልም? ሰፊ ነው እኮ።»

«ሰፊውን ለበሬ ስጠው። ለሰው ለጋውን ነው። ይኸው፣ አገዳውን ስበረው እስቲ። ቀጭ አለ? እሱ ነው። እንደ ገመድ ከተጣመመብህ አርጅቷል ማለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብትቀቅለው አይበስልልህም።»

ከዚያ ወዲህ ጎመን የምመርጠው በጆሮዬ ነው ማለት ይቻላል። ቀጭ የሚል አገዳ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ ቢጫ ያልገባበት፣ ያልጠወለገ። የሐበሻ ጎመን ከጠፋ ቆስጣም ይሆናል፤ ቆስጣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቀድሞ መቀቀል አያስፈልገውም።

ለስድስት ወይም ለስምንት ሰው ማባያ እንዲሆን አንድ ኪሎ ያህል ጎመን ይበቃል። «ይህ ሁሉ?» እንዳትሉ፤ ድስቱን ሞልቶ የገባው ጎመን ሲበስል ወርዶ ጥቂት ነው የሚሆነው። ከእሱ ጋር ሁለት መካከለኛ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል፣ ሦስት ወይም አራት ቃሪያ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና ግማሽ ሎሚ ያዘጋጁ። ፍስክ ከሆነ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤና ቆንጠር ያለች የተፈጨ ኮረሪማ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የዋዜማው ሥራ እጥበት ነው። እዚህ ላይ ቸል እንዳትሉ አደራ። አዲስ አበባ ውስጥ ከምንበላው ቅጠላ ቅጠል የተወሰነው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚለማ ነው፤ እነዚያ ወንዞች ደግሞ ምን ምን እንደሚቀላቀልባቸው የምናውቀው ነው። ስለዚህ ቅጠሉን አንድ በአንድ እየለያችሁ በሚፈስ ውኃ እጠቡት። የሚፈስ ውኃ ከሌለ በሰፊ ሳፋ፣ ውኃውን ሦስት ጊዜ እየቀየራችሁ፣ ከታች አሸዋ መታየቱን እስኪያቆም። ወፍራሙን አገዳ ቀንጥሱና አውጡት። ለጋ ከሆነ አይጣልም፤ ደቀቅ ተደርጎ ከሽንኩርቱ ጋር ይቁላላል።

ከዚያ በትልቅ ድስት ውኃ አፍሉ። ውኃው መንተክተክ ሲጀምር ጨው ጣል አድርጉበትና ጎመኑን ጨምሩ። አራት ወይም አምስት ደቂቃ ብቻ። ድስቱን አትክደኑት! ይኼን የምለው ለወግ አይደለም። ጎመን ሲሞቅ ከውስጡ አሲድ ይወጣል፤ ድስቱ ከተከደነ አሲዱ እዚያው ይታፈንና የቅጠሉን አረንጓዴ ቀለም ያበላሸዋል። አረንጓዴውን ቀለም የሚይዘው ማግኒዥየም የተባለ ማዕድን ነው፤ እሱ በአሲዱና በረጅም እሳት ሲወጣ ጎመኑ ወደ ወይባ ይለወጣል። ያ በየሠርጉ የምናየው ቡኒ የመሰለ ጎመን እንዲያ ነው የሚሆነው። ክዳኑን ክፍት ስታደርጉትና ሰዓቱን ስታሳጥሩት ቀለሙ ይተርፋል። ውኃ ውስጥ እየሟሟ የሚወጣው ቫይታሚን ሲም ሳያልቅ ይቀራል።

ጎመኑን አውጥታችሁ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያ በእጃችሁ ጥሩ አድርጋችሁ ጭመቁት። ውኃ የያዘ ጎመን ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ ጣዕሙም ልፍስፍስ ይላል። ከተጨመቀ በኋላ ደቀቅ አድርጎ መክተፍ ነው። ይህን ሁሉ ማታውኑ ጨርሳችሁ፣ በንጹሕ ዕቃ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ትችላላችሁ። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራቱ የማይታመን ከሆነ ግን ማታ እጠቡት፣ ቅቀላውን ጠዋት አድርጉት።

የበዓሉ ቀን ሥራ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። እንግዳው በር ላይ ሲደርስ ብትጀምሩት ጫማውን አውልቆ፣ ሰላምታውን አዳርሶ፣ እጁን ሳይታጠብ ይደርሳል። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ፤ አይጥቆር፣ ለስለስ ብሎ ወርቅማ ይምሰል፤ አራት ደቂቃ ያህል ነው። የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ፤ ሽታው ቤቱን እስኪሞላው፣ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ጎመኑን ጨምራችሁ እሳቱን ጠንከር አድርጉና እያገላበጣችሁ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ጥበሱት። ጨው ቅመሱ፤ ሲቀቀል ስለገባበት ብዙ አይፈልግም። የበዓል ምግብ በጠቅላላ ጨው የበዛበት ስለሆነ እዚህ ቆጠብ ማለት ለደም ግፊተኛው ውለታ ነው። ቃሪያውን ከረዘሙ ሰንጥቃችሁ በመጨረሻ ጣል አድርጉና ወዲያው ከእሳት አውርዱት፤ ቀጭ ቀጭ እያለ ይበላል። ፍስክ ከሆነ ቅቤና ኮረሪማው የሚገባው አሁን ነው።

ሎሚው? ሎሚው ትሪው ላይ ከቀረበ በኋላ ነው የሚጨመቅበት። ቀድማችሁ ድስት ውስጥ ካደረጋችሁት ያንኑ ቀለም የሚያበላሸውን አሲድ በእጃችሁ ጨመራችሁ ማለት ነው። ሎሚው ሌላም ሥራ አለው። በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን የሚወስደው እንደ ሥጋው ብረት በቀላሉ አይደለም፤ ቫይታሚን ሲ ሲያገኝ ግን በተሻለ ይወስደዋል። ዘይቱም ሆነ ቅቤው ቢሆን ለጣዕም ብቻ አይደለም። በጎመኑ ውስጥ ያሉት ለዓይን የሚጠቅመው የቫይታሚን ኤ ምንጭና ቫይታሚን ኬ ያለ ቅባት በደንብ አይወሰዱም። እናቶቻችን ሳይንሱን ሳይማሩት በጎመን ላይ ዘይት ወይም ቅቤ ማድረጋቸው ትክክል ነበር።

አሁን ቡናው መጣ። ቡናውን ተዉት ካልኩ ይህን ጽሑፍ የሚያነብልኝ እንደማይኖር አውቃለሁ! ግን ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ተያይዘው ሲጠጡ ያንን የጎመኑን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ደም ማነስ ያለባትና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ቤት ውስጥ ካለች ጭሱ ይጨስ፣ ፈንዲሻው ይፈንዳ፣ ቡናው ግን ገበታው ከተነሣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቀዳ። መቼም የቡና ሥርዓታችን ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ እስኪደርስ ያን ያህል መውሰዱ የታወቀ ነው።

ከክትፎው ዓይነት የምትወዱ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የተቀቀለውንና በደንብ የተጨመቀውን ጎመን እጅግ አድርጋችሁ አድቅቁት። ቅቤ አቅልጡ፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ነስንሱበት፣ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ጎመኑን ጨምራችሁ ለውሱት። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። አይብ ከጎኑ፣ ቆጮ ወይም እንጀራ ከታች። ሥጋ የማይበላ እንግዳም ቢመጣ ዓይኑን ከትሪው ላይ አያነሣም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ለጤና ብለን ሌላ ጣጣ እንዳናመጣ። የልብ ወይም የደም ሥር ሕመም ኖሮበት ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ የጎመን መጠኑን በድንገት ማብዛትም መቀነስም የለበትም። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ከመድኃኒቱ ጋር ይጣላል። ለእሱ ዋናው ነገር ሁልጊዜ የለመደውን ያህል መብላትና ሐኪሙን ማማከር ነው። ለሌሎቻችን ጎመን ደግ ጎረቤት ነው። የተረፈውም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አይዋል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቆይ ፍሪጅ ይግባ፣ ሲወጣም በደንብ ይሙቅ።

የጎመን ሌላው ጥቅሙ ከጾሙ ጋር ያለው ነው። ልደትና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብ ቢውሉም ይፈሰካሉ፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ግን እንዲያ አይደሉም። በሁለቱ መካከል 16 ቀን ስላለ እንቁጣጣሽ ረቡዕ ከዋለ መስቀል ዓርብ ይውላል። በ2017 ዓ.ም. የሆነውም ይኼው ነው። በዚያ ዓመት ስንቱ ቤት «ታዲያ ምን ልንበላ ነው?» ሲል ሰምቻለሁ! ያ ጥያቄ ዘይት የተደረገበትን፣ ሎሚ የተጨመቀበትን፣ ቃሪያው ቀጭ የሚለውን ጎመን የሚያውቅ ቤት ውስጥ አይነሣም። ቅቤውን በዘይት መቀየር ብቻ ነው፤ እጃችሁ የለመደው ሥራ ነው።

በመጨረሻ ስለ ሠሪዎቹ ልናገር። ዶሮ ወጥ የሚሠራ ሰው ሌሊቱን አያድርም፤ ሽንኩርት ሲከትፍ ዓይኑ ይቃጠላል፣ ሲያቁላላ ወገቡ ይንቀጠቀጣል። ያ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ቤት ሴት ናት። «ደግሞ ሌላ ሥራ ጨመርክባት!» የሚለኝ ይኖራል። እኔ የምለው ጎመኑን እሷ ለምን ትሠራዋለች ነው። የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። ቅጠል የሚያጥብ የ12 ዓመት ልጅ የለም? ሽንኩርት የሚከትፍ ጎረምሳ የለም? «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያደርጋል» የሚለውስ አባወራ፣ ዶሮ ሲያርድ ቢላዋ የያዘው እጁ ጎመን ሲከትፍ ምን ይሆናል? እኔ ራሴ እናቴ ቤት የጎመኑ ኃላፊ ከሆንኩ ሰነበትኩ። ከዕርዱ ይልቅ የሚመሰገነው ጎመኑ ነው፤ ይህን እንደ ጉራ አትቁጠሩብኝ።

በአበው ዘንድ ሌላም አባባል አለ፤ «ጎመን በጤና»። ጮማው ከነሕመሙ ከሚመጣ ጎመኑ ከነጤናው ይሻላል ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ጎመኑንም፣ ዶሮውንም፣ ጤናውንም አንድ ትሪ ላይ ማግኘት ይቻላል እላለሁ። ሁሉም ሰው የሚቆርሰው ነገር ካለው ቤቱ ቀርቶ «አሞኛል» የሚል አይኖርም።

ስለዚህ ዘንድሮ አባባሉን ትንሽ እናሻሽለው። የገንፎው ምንቸት ይግባ። የዶሮውም ድስት ይጣድ። የጎመኑ ምንቸት ግን የት ይሂድ? እዚያው ምድጃው ዳር ይቀመጥ።

መልካም አዲስ ዓመት!